ማዳበሪያው ጅጋ እስኪደርስ፦ በባቡር ወይስ በመኪና?

ጅቡቲ የተራገፈ ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ጆንያ ታሽጎ ወደ መሀል አገር ይገባል። ባቡር በአንድ ጊዜ ብዙ ይጭናል፤ ችግሩ ሐዲዱ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ወዳለችው ጅጋ አይደርስም። የጎሃ ጽዮንን ቁልቁለት ወርዶ የደጀንን ዳገት የሚወጣው መኪና ነው። ባቡሩ ደርሶ መኪናው ከዘገየ ጭነቱ መጋዘን ይገባል፤ ለጫኝና አውራጅ ድጋሚ ይከፈላል፣ ጆንያም ይቀደዳል። በቆሎ የሚዘራው ገበሬ ደግሞ ዝናቡን አቁሞ አይጠብቅም።

እንደኔ እንደኔ፣ ገና ከወራት በፊት «በባቡር ብቻ» ብሎ ውል ማሰር አያዋጣም። ጅጋ የሚደርስበትን ቀን ቁረጡ፤ የማጓጓዣውን ምርጫ ግን መርከቡ ወደብ እስኪቃረብ ክፍት ተዉት።

የመልስ ጭነትም አስቡ፦ መኪናው ባዶውን ከሚመለስ የቡሬ በርበሬ ወይም የፍኖተ ሰላም በቆሎ ይጫንበት። አደራ፣ ማዳበሪያ ያራገፈ ተሳቢ በደንብ ሳይታጠብ እህል እንዳትጭኑበት!