ተረትና እውነታ፦ «እርስዎ ይቀመጡ» ማለት ከመውደቅ አያድንም

በአዊ ዞን፣ እንጅባራና ዳንግላ ላይ ክረምቱ ሲጠና አዛውንት ባሉበት ቤት ሁሉ የሚደጋገም ቃል አለ፦ «እማዬ፣ አይነሱ፤ እኛ አለን!» ልጁ ይህን የሚለው ከልቡ ነው። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ተረት 1፦ ያረጀ ሰው ቁጭ ካለ አይወድቅም

ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። የአዊ ዝናብ የታወቀ ነው፤ ቀዩ አፈር ሲርስ ጎረምሳውንም ያዳልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሞት የሚዳረጉትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው።

ግን ያልሠራ እግር ይከሳል። በአንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ቢደረግ ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ ገደማ ሥጋ ቀነሱ። እኛ ደግሞ እናቶቻችንን ክረምቱን ሙሉ እናስቀምጣቸዋለን።

አንዲት የሰፈራችን እናት ሐምሌ ላይ ደጃፋቸው አዳለጣቸው። አጥንታቸው ደህና ነበር። ልጆቻቸው ግን ከዚያ ወዲያ መጠጫ ውሃቸውን እንኳ እጃቸው ላይ ያቀብሏቸው ጀመር። ለመስቀል ከመደቡ የሚነሱት በሁለት እጃቸው ተደግፈው፣ ሁለት ሦስቴ ሞክረው ሆነ። ዳሌያቸው የተሰበረውም እዚያው፣ ደረቅ ቤት ውስጥ፣ ከመደቡ ሲነሱ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ልጆቹ አይደሉም፤ «ልጅ እያላት ገበያ ትወጣለች» እያለ የሚያማው ጎረቤት ነው። ይኸው ጎረቤት ጥር 23፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረስ ላይ ለወጣው አዛውንት ያጨበጭባል። አዛውንቱ ጉልበታቸውን ያቆዩት መደብ ላይ ተቀምጠው ነው እንዴ?

108 ጥናቶችን ያሰባሰበ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ እንዳሳየው የሰውነት እንቅስቃሴ የመውደቅን ድግግሞሽ በ23 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሁሉንም አያስቀርም፤ መቀመጥ ግን ያባብሰዋል። ከፍ ካለ ወንበር እየተነሱ መቀመጥ፣ ምሰሶ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ፤ ይህን በየዕለቱ ማድረግ እግርን ያጠነክራል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጭቃውን ትተን ሰውየውን እንከለክላለን። ከቤት እስከ መጸዳጃው ጠጠር ይፍሰስ። በመንገዱ ዳር ቀርከሃ ታስሮ መደገፊያ ይሠራ፤ ቀርከሃ ለአዊ ሰው ብርቅ አይደለም። ሶሉ ያለቀ ኮንጎ ጫማ ይቀየር። ማታ ባትሪ ከራስጌ አይጥፋ።

ተረት 2፦ መውደቅ የዕድሜ ጣጣ ነው፣ ምንም አይደረግለትም

ብዙ ጊዜ ሊታከም የሚችል ምክንያት አለው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ብድግ ሲሉ የሚያዞር ከሆነ የግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ክኒኑን በራስ ሳያቋርጡ ለሐኪም መንገር ነው።

ተረት 3፦ ዱላ ሁሉ ምርኩዝ ይሆናል

አይሆንም። ቀጥ ብለው ቆመው ክንድዎን ወደ ታች ሲለቁ የምርኩዙ መያዣ የእጅዎ አንጓ ላይ ይድረስ። አንድ እግር የሚያም ከሆነ ምርኩዙ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ነው። ጫፉ ላይ ጎማ ይደረግለት።

ተረት 4፦ ወድቆ መነሳት ያቃተውን ወጌሻ ያሸዋል

አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ማሸትና መጎተት ስብራቱን ያብሳል፤ አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውር ዘግቶ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። እግሩን ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ በቀጥታ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

እናትዎ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ካሉ አይከልክሏቸው፤ ክንድዎን ሰጥተው አብረዋቸው ይሂዱ። ለጎረቤት ሐሜት ሲባል የእናት ጉልበት አይገበርም።