በአፍንጫ የሚገባ ወተት

በማንቡክና በዙሪያዋ ባሉት የዳንጉር ቀበሌዎች ክረምቱ ሲጠና ያለፈው ዓመት ማሽላ ከጎተራ ያልቃል፤ ወባውም ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ከመተከል ዞን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በግጭት ሲፈናቀል ደግሞ እርሻው ራሱ ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ ክፉኛ የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን ጤና ተቋም ሲገባ፣ ቤተሰቡን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው በአፍንጫው አልፎ ጨጓራው ድረስ የሚዘልቀው ቀጭን ቱቦ ነው። «ቱቦ ከገባለትማ አልቆለታል» የሚለው ፍርሃት ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ቱቦው ሕፃን የሚያተርፈው ቶሎ፣ ለጥቂት ቀናትና በባለሙያ እጅ ሲገባ ነው፤ እንደ መጨረሻ አማራጭ ተቆጥሮ ሲዘገይ ነው የማይጠቅመው።

ልጁ የማይበላው እምቢ ብሎ አይደለም። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት አቅሙን ለመቆጠብ ሥራውን ይቀንሳል፤ ልብ ይደክማል፣ ጉበትና ኩላሊት ይዝላሉ፣ የጨውና የውሃ ሚዛን ይዛባል። የሳንባ ምች ወይም ተቅማጥ ሲጨመርበት የምግብ ፍላጎቱ ጨርሶ ይጠፋል። ዝም ቢባል የደም ስኳሩ ወርዶ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አፍንጫውን ይዞ በግድ መጋት ወተቱን ወደ ሳንባው ሊልከው ይችላል። አዝኖለት ብዙ ማብላትም የዛለውን ልብ ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው፣ ፕሮቲኑም ጨውም የተቀነሰ ነው። እብጠት የሌለበት 5 ኪሎ ሕፃን በየ3 ሰዓቱ የሚደርሰው 80 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ የቡና ስኒ ያህል ነው። ለእናት ዓይን ይህ በጣም ያንሳል፤ ሰውነቱ የሚችለው ግን ይህን ነው።

ነርሷ ቱቦውን ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጆሮው፣ ከጆሮው እስከ እምብርቱና ደረት አጥንቱ መካከል ለክታ ምልክት ታደርግበታለች። ካስገባች በኋላ ጥቂት ፈሳሽ ስባ በሊትመስ ወረቀት ትፈትሻለች፤ የጨጓራ አሲድ ሰማያዊውን ወረቀት ቀይ ያደርገዋል። ልጁ ካሳለው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው ታወጣዋለች። ወተቱ ሁልጊዜ አስቀድሞ በኩባያ ይቀርብለታል፤ በቱቦ የሚገባው የተረፈው ብቻ ነው። መግፊያው የወጣለት ሲሪንጅ ከፍ ብሎ ይያዛል፣ ወተቱም ሳይገፋ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ልጁ የቀኑን ድርሻ ሦስት አራተኛ በአፉ መጨረስ ሲችል ቱቦው ይወጣል።

«ታዲያ ለምን ቤት ወስደን አንመግበውም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በሌላ አገር በሽተኛ ሰው ቀርቶ መብላት ያቆመ የቤት ድመት እንኳ ባለቤቱ ቤት ሆኖ ለሳምንታት በቱቦ ይመገባል። የድመቱ ቱቦ ግን ብዙውን ጊዜ በሐኪም ቀዶ ጥገና አንገቱ ላይ የተተከለ ነው፤ የሕፃኑ በአፍንጫ የገባ ስለሆነ ባንድ ሳል ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ገንዘቡ ለቱቦና ለአልጋ ከሚወጣ ቤት ለሚበላው በፓኬት የታሸገ የለውዝ ሕክምና ምግብ፣ ለፕላምፒ ነት፣ ቢውል ይሻላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሀዲያ ክፉኛ የተጎዱ 170 ሕፃናት በተመላላሽ ታክመው 144ቱ አገግመዋል፣ የሞቱት 7 ነበሩ። ይህ ማስረጃ ጠንካራ ነው፣ አብዛኛው ሕፃን ቤቱ መታከም እንዳለበትም ያሳያል። ነገር ግን ፕላምፒ ነት የሚሠራው ለሚበላ ልጅ ነው። ፓኬቱን ቀምሶ ፊቱን ያዞረው ልጅ ተኝቶ ወደሚታከምበት ማረጋጊያ ማዕከል መግባት አለበት፤ ቱቦውም ወደዚያው ፓኬት የሚመልሰው መንገድ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። በየ3 ሰዓቱ መመገብ ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓትም 9 ሰዓትም ወተት ማዘጋጀት ማለት ነው፤ የደም ስኳር የሚወርደውም በዚህ ሰዓት ነው። ለብቻዋ ብዙ በሽተኛ የምትጠብቅ ነርስ አንዱን ዙር ብትዘል የሚደንቅ አይደለም። በማንቡክም ሆነ በሌላ ወረዳ ስለ ቱቦው ሲታቀድ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌሊት የሚያድረው ባለሙያ ስንት ነው የሚለው ነው፤ ነርሷ የቱቦውን ቦታ ካረጋገጠች በኋላም እናትየዋ ሲሪንጁን ከፍ አድርጋ እንድትይዝ ማሰልጠን ይቻላል።