የጎመኑ ልክ

ጥያ ላይ ለመስቀል ጎመን ክትፎ ሲሰናዳ፣ የተቀቀለው ጎመን ጠብታ ውኃ እስከማይቀረው ድረስ በእጅ ይጨመቃል። ከዚያ በቢላ ደቅቆ በቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል፤ ከቆጮ ጋር ይቀርባል። የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የጀመሩ እናት ግን ገበታው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ይሰበስባሉ። «እማማ፣ ጎመን እንዳይነኩ» ተብለዋልና።

ይህ ምክር በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ግን ልክ አይደለም፤ ጉዳትም አለው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከልብ መነሳት ያስፈልጋል።

ጤነኛ ልብ ከላይኛው የቀኝ ክፍሉ በሚነሳ አንድ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ይመታል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው ሕመም ትእዛዙ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ እንጂ በወጉ አይኮማተሩም። የታማሚውን የእጅ አንጓ የዳሰሰ ሰው አንዱ ምት ፈጠን፣ አንዱ ዘግየት፣ አንዱ ደግሞ ጥፍት ሲል ይሰማዋል። ታማሚው «ልቤ ይርበተበታል፣ ዳገት አቃተኝ» ይላል፤ ጭራሽ ምንም የማይሰማውም አለ። ትልቁ አደጋ ያለው በደሙ ላይ ነው። በማይኮማተር ክፍል ውስጥ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የፍራሚንግሃም ነዋሪዎችን የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው፣ ይህ ሕመም የስትሮክን ዕድል ከ5 እጥፍ በላይ ያሳድጋል፤ የሩማቲክ የቫልቭ በሽታ ሲጨመርበት ወደ 17 እጥፍ ይደርሳል።

የእኛ አገር ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ በሽታው በአብዛኛው የአረጋውያንና የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ነው። እኛ ጋ ግን ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ወደ ሩማቲክ ትኩሳት ተሸጋግሮ ሚትራል የሚባለውን ቫልቫቸውን ያጠበበባቸው፣ አብዛኞቹም ሴቶች። የመድኃኒቱ ምርጫም ከዚህ ይነሳል።

የምቱን ፍጥነት ለማርገብ ቤታ ብሎከር ወይም ዲጎክሲን ይሰጣል። ምቱን ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ መመለስም ይቻላል፤ ለማን እንደሚበጅ ግን ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው። ከሁሉ የሚቀድመው የደም መርጋትን መከላከል ነው፤ ለዚህ ደግሞ አስፕሪን አይበቃም።

ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን የሚባሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ተደጋጋሚ የደም ምርመራ አይጠይቁም፤ ከጎመን ጋርም ጠብ የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ውጭ የሚኖር ልጅ ለእናቱ እነዚህን ልላክ ቢል ፍቅሩ ነው። ሆኖም ከመላኩ በፊት የእናቱን የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤት ይጠይቅ። ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በ24 አገሮች የሚኖሩ፣ የሩማቲክ የልብ በሽታና ይኸው የምት መዛባት ያለባቸውን ከ4,500 በላይ ሰዎች ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አወጣ። ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያለውን የቆየ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል የሞቱት አነሱ። አዲስ የሆነ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት ለለመድን ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ቫልቫቸው ለጠበበ እናት ዋርፋሪን ዛሬም ተመራጭ ነው፤ ስለዚህ ከጎመኑ ጋር መስማማት ግድ ይላል።

ዋርፋሪንን ሰው «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል እንጂ ደምን አያቀጥንም። ጉበት ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው፤ ዋርፋሪን ይህን ሥራ ያዘገያል። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። ቫይታሚኑ በውኃ ስለማይሟሟ ጎመኑ ቢጨመቅም አይወጣም፤ ቅቤው እንዲያውም ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳዋል። ጎመን በድንገት ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ያይልና መድማት ያመጣል። ይህን የሚለካው አይ.ኤን.አር. የተባለው የደም ምርመራ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ታማሚ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን ጨርሶ የተወ ሰው ቁጥሩ ይረጋጋል ማለት አይደለም፤ በትንሽ ለውጥም ይናወጥበታል። የሚሻለው በየሳምንቱ ያንኑ ያህል መብላትና የመድኃኒቱን መጠን ከዚያ ጋር ማስማማት ነው።

አስቸጋሪው ጾሙ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጎመን በዘይት ይዘወተራል፤ ፋሲካ ሲደርስ ገበታው በአንድ ቀን ሥጋ ይሆናል። መድኃኒቱ ያው፣ ኪኒኑ ያው ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ይለወጣል። ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራውን ቀረብ ቀረብ አድርጎ ማሠራት ይገባል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ለጥያ ሰው ይህ የመንገድ ወጪም የሥራ ቀንም ነው፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ሐኪም ይህንን አብሮ ቢያስብ መልካም ነው።

ከጎመኑ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛው ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ የምንወስደው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል አብዝቶ ያንራል፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ፋርማሲስቱ ፊት መጀመሪያ ሊባል የሚገባው «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ነው። ልጅ የምትፈልግ ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ መድኃኒቱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሟን ሳታማክር ግን መድኃኒቱን በራሷ አታቁም።

መስቀል ሲመጣ እኚያ እናት ጎመን ክትፎውን ይቅመሱ። በአዘቦቱ ቀን የሚበሉትን ያህል አንድ ጭልፋ ይውጣላቸው፤ «ጨምሪ እንጂ» ለሚለውም ልጃቸው መልስ ትስጥላቸው።