ከታተሙ ክፍሎች የሚሠራ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት፦ ሞዴሉ ስለ ጀማ ዳገት የሚናገረውና የማይናገረው

አጠቃሎ

በስሪዲ ፕሪንተር ከታተሙ የፕላስቲክ ክፍሎች የሚገጣጠም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ለምህንድስና ተመራማሪዎች ርካሽ የንድፍ መፈተሻ ነው። ይህ ጽሑፍ በ1 ለ 5 መጠን የሚሠራ ሞዴልን በምሳሌነት ወስዶ፣ ከሞዴሉ ውጤት የትኛው ወደ ሙሉ መጠን እንደሚሸጋገርና የትኛው እንደማይሸጋገር በስሌት ያብራራል። ማነጻጸሪያው ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው የጀማ ሸለቆ መንገድ ነው።

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ ሰው ከደጋው ጠርዝ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙን ከተሻገረ በኋላም ወደ መርሐ ቤቴ አምባ መልሶ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እንዲህ ያለውን ቁልቁለትና አቀበት እንዴት ይችለዋል የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ተግባራዊ ሆኗል። ሙሉ መጠን ያለው ናሙና ለመሥራት ብዙ ገንዘብና ጊዜ ስለሚጠይቅ በሞዴል መጀመር ተገቢ ነው። ሆኖም ሞዴሉ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ መውጣቱ ትልቁም ከጀማ ይወጣል ለማለት አያበቃም።

2. የክፍሎቹ አሠራር

ቴላዮው፣ ፎርኬላው፣ የጎማው ቸርኬና ጥርሳም መዘውሮቹ ይታተማሉ። አክሱል፣ ኩሽኔታና ብሎን ግን ከብረት ቢሆኑ ይመረጣል። ፕሪንተሩ ፕላስቲኩን አቅልጦ ስስ ንብርብሮችን እየደራረበ ስለሚሠራ፣ ክፍሉ በንብርብሮቹ መካከል ካለው ትስስር ይልቅ በንብርብሮቹ አቅጣጫ ይጠነክራል። ስለዚህ የመታጠፍ ጫና የሚደርስበት ፎርኬላ ተጋድሞ እንጂ ቆሞ መታተም የለበትም። ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መለስለስ ስለሚጀምር ለሞተር ማቀፊያ አይመከርም፤ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ የሚቋቋመው ፒኢቲጂ ይሻላል።

3. የሞዴሉ ስሌት

ትልቁ ብስክሌት ከነነጂው 150 ኪሎ ግራም፣ የጎማው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ርዝመት በ5 ሲካፈል ክብደት በ125 ስለሚካፈል ሞዴሉ 1.2 ኪሎ ግራም፣ ጎማውም 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ10 በመቶ ዳገት ላይ፣ የጎማው መንከባለል ተቃውሞ የክብደቱ 2 በመቶ ቢሆን፣ ሞዴሉን ወደ ኋላ የሚስበው ጉልበት 1.4 ኒውተን ነው። በሴኮንድ 1.5 ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 2.1 ዋት ያስፈልጋል፤ ጎማውም በደቂቃ 240 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሞተሩ ጭነት ይዞ በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ 25 ለ 1 የሆነ ማርሽ ይፈልጋል። ይህም በሁለት ደረጃ፣ በእያንዳንዱ ባለ 12 ጥርስ መዘውር ባለ 60 ጥርሱን እንዲነዳ በማድረግ ይገኛል። በተከታታይ የተያያዙ ሁለት የሊትየም አዮን ሴሎች 7.4 ቮልት ገደማ ስለሚሰጡ ለዚህ ይበቃሉ።

4. የሚሸጋገረውና የማይሸጋገረው

አንድ ነገር ሲተልቅ ክብደቱ ከጥንካሬው ፈጥኖ እንደሚያድግ ጋሊሌዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው አስረድቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ የመርከብ ሞዴሎችን ውጤት ወደ ሙሉ መጠን ለማሸጋገር ፍጥነት በርዝመቱ ንጽጽር ስኩዌር ሩት መባዛት እንዳለበት አሳየ።

በዚህ ስሌት የሞዴሉ ፍጥነት በ2.24 ሲባዛ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ኃይልም በ280 ገደማ ተባዝቶ 590 ዋት ይደርሳል። ይህ ውጤት ይሸጋገራል። የክብደት ማዕከሉ አቀማመጥና የፊት ጎማው በዳገት ላይ የሚነሣበት ጠርዝም እንዲሁ ይሸጋገራሉ፤ ሁለቱም በቅርጽ እንጂ በመጠን አይወሰኑም።

ሁለት ነገሮች ግን አይሸጋገሩም። አንደኛው ጥንካሬ ነው። ክብደት በ125፣ የክፍሎቹ የመስቀለኛ ቁራጭ ስፋት ግን በ25 ስለሚባዛ ጫናው 5 እጥፍ ይሆናል፤ በሞዴሉ ላይ ያልተሰበረ ፕላስቲክ ለትልቁ ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው ሙቀት ነው። የሞተሩ ብቃት ባይለወጥ የሚባክነው ኃይል በ280 ሲያድግ ሙቀቱ የሚወጣበት ገጽ በ25 ብቻ ያድጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር 11 እጥፍ ገደማ ሙቀት ማስወጣት ይኖርበታል። ትላልቅ ሞተሮች በአብዛኛው የተሻለ ብቃት ስላላቸው ልዩነቱ ይቀንሳል፤ ይሁንና አይጠፋም።

5. ስሌቱ በሸለቆው ላይ

150 ኪሎ ግራም በ1,000 ሜትር ከፍታ ለማንሣት 409 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የመንከባለል ተቃውሞ ተጨምሮ፣ የሞተሩና የማርሹ ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ ከባትሪው 700 ዋት ሰዓት ያህል ይወጣል። ባለ 48 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ 960 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ ኢነርጂው ይበቃል። ችግሩ ጊዜው ነው፤ በ10 በመቶ ዳገት ይህ ከፍታ 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ስለሚጠይቅ ሞተሩ ለ50 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ቀጭኑ የደጋ አየር የሞተሩን ኃይል ባይቀንስም ማቀዝቀዙን ያዳክማል።

ሁለት ሜትር ጣውላ ላይ የሚደረግ ሙከራ ከሁለት ሴኮንድ በታች ስለሚፈጅ ስለ ሙቀት ምንም አይናገርም። ተመጣጣኙ ሙከራ ሞዴሉን ዘንበል ባለ ትሬድሚል ላይ ለ22 ደቂቃ ማስኬድ ነው። የሞተሩ ሙቀት ከአካባቢው በ5 ዲግሪ በልጦ ቢረጋጋ፣ ማቀዝቀዣው ካልተሻሻለ ትልቁ በ55 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል።

ቁልቁለቱም የራሱ ጥያቄ አለው። ከለሚ በኩል የሚመጣ ነጂ መጀመሪያ የሚወርደው ነው። ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከቁልቁለቱ ኢነርጂ ሊመልስ ቢችልም፣ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ አይቀበለውም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከደጋው ጠርዝ ላይ ባትሪውን ሳይሞሉ መነሣት ይመረጣል።

6. ማጠቃለያ

የታተመ ሞዴል ለማርሽ ምርጫ፣ ለክብደት ሥርጭትና ለኃይል ግምት አስተማማኝ መሣሪያ ነው። ለጥንካሬና ለሙቀት ግን የተለየ ስሌት ይፈልጋል። በመሆኑም የእንዲህ ዓይነት ሥራ ዘገባ ሞዴሉ ዳገት መውጣቱን ብቻ ሳይሆን የመጠኑን ንጽጽር፣ ጭነቱ ሳይቋረጥ የቆየበትን ጊዜና ሞተሩ የተረጋጋበትን ሙቀት ቢያሰፍር፣ ተከታዩ ተመራማሪ ሙሉውን ናሙና ከመሥራቱ በፊት የት ሊበላሽ እንደሚችል ሊያሰላ ይችላል።