መስክ የወጣችው ነርስ ቤቷ የት ነው?

በአሜሪካ “ተጓዥ ነርስ” የሚባል ሥራ አለ። ነርሷ በአንድ ሆስፒታል በቋሚነት አትቀጠርም። ሠራተኛ ወደ ጎደለበት ከተማ ሄዳ ብዙውን ጊዜ ለ13 ሳምንት ትሠራለች፤ ውሉ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021፣ የእነዚህ ነርሶች ተፈላጊነት እጅግ ጨምሮ ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በየሦስት ወሩ ቤት መፈለግ ሲሰለቻቸው አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው ትልቅ መኪና ይገዙና ከትዳር ጓደኛቸው ጋር እዚያው ውስጥ ይኖራሉ። መኪናውን በወር ኪራይ በሚከፈልበት ግቢ ያቆሙታል፤ ውኃና መብራትም ከዚያው ያገኛሉ። ሥራው ሲቀየር ቤታቸውን እየነዱ ይሄዳሉ።

ይህ ኑሮ ከሩቅ ሲታይ ያስቀናል። ነገር ግን የአገሪቱ የግብር ሕግ ተጓዧን ነርስ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ “ቋሚ ቤትሽ የት ነው?” ይላታል። ለመኖሪያና ለምግብ የሚሰጣት አበል ከግብር ነጻ የሚሆነው በሌላ ስፍራ ወጪ የምትከፍልበት ቋሚ ቤት ሲኖራት ነው። ያላት ቤት መኪናው ብቻ ከሆነ ግን አበሉ እንደ ደመወዝ ይቆጠርና ግብር ይከፈልበታል።

ጥያቄው የግብር ሰብሳቢው ቢሆንም፣ ሥራ ከቤት የሚያርቃቸው ባልና ሚስት ሁሉ ሊመልሱት የሚገባ ነው።

በጉና ተራራ ዙሪያ

በእኛ አገር አልጋና ማብሰያ ባለው መኪና የሚኖር ነርስ ማግኘት ያስቸግራል። ከቤት ርቆ እየተዘዋወሩ ማከም ግን የታወቀ ነው፤ “መስክ ወጣች” እንላለን። ለዚህም ደቡብ ጎንደርን እንመልከት። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ዋና ዋና ከተሞችን ያገናኛል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ ያሉ ብዙ ቀበሌዎች ግን ከመኪና ከወረዱ በኋላ በእግር ወይም በበቅሎ የሚደረስባቸው ናቸው።

በዚህ አካባቢ ነርሶችን ለብዙ ዓመታት ከቤታቸው ሲያስወጣ የኖረው አንዱ በሽታ ትራኮማ (የዓይን ማዝ) ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች መካከል ከመቶው ከ60 የሚበልጡት በሽታው ተገኝቶባቸው ነበር። በሽታው በልጅነት ተደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሳል። ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያቆስለዋል። ሕፃናትን የሚያቅፉትና የሚያጥቡት በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው ከወንዶች ይልቅ እነርሱ ይጎዳሉ። ስቃዩን ለማስታገሥ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

ደግነቱ ሕክምናው ከባድ አይደለም። ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ቆቡን ብቻ አደንዝዞ በጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኬላ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ሐኪም ወደሚገኝበት ከተማ መውረድ የግድ አይሆንም። ሥራው ግን በአንድ ቀን አያልቅም። የተሸፈነው ዓይን በማግስቱ ይከፈታል፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላም ስፌቱ ይታያል። ስለዚህ ነርሷ እዚያው ማደር፣ ወይም ሄዳ መመለስ አለባት። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም ጦርነቱ እስከ ጋይንት መድረሱ፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። በማለዳ የወጣ ሰው መቼ እንደሚመለስ በእርግጠኝነት መናገር የማይችልበት ጊዜ መጥቷል።

እስቲ አሁን ደብረ ታቦር ያለ አንድ ቤት በሐሳባችን እንይ። ሚስት መስክ ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ኔትወርክ የለም። ባል የመመለሻዋ ቀን መራዘሙን የሰማው ከእርሷ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቷ ሾፌር ነው። ትንሹ ልጅ ያተኩሰዋል። አበሉ ስንት እንደሆነና ለምን እንደዋለ ደግሞ ባልየው አያውቅም፤ መጠየቅም አልወደደም። ሚስት ደክሟት ስትመለስ የሚቀበላት ኩርፊያ ነው። እርሷ የሰው ዓይን አድና መምጣቷን ታስባለች፤ እርሱ የሚያስበው ብቻውን መቅረቱን ነው። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። ነገር ግን አብረው አልወሰኑም ነበር።

መያዣ ሆና የቀረችው ሚስት

እንዲህ ያለው መለያየት ለዚህ ምድር አዲስ አይደለም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ለንጉሡ መድፍ የሠሩት ሚሲዮናውያን ይኖሩ ነበር። ባልደረባቸው ማርቲን ፍላድ ደግሞ በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል ያገለግል ነበር። ባለቤቱ ጳውሊና ኬለር ሕሙማንን በማስታመምና ልጆችን በማስተማር ከሚታወቁት የጀርመን ዲያቆናውያት አንዷ ነበረች፤ ከኢየሩሳሌም አገልግሎቷ ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው እርሱን አግብታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1866 ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ መልእክተኛ አድርገው ላኩት። ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ መልእክቱን አደረሰ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ፊት ቀረበ። በንጉሡና በእንግሊዝ መካከል ያለው ነገር እየከፋ መሄዱን ያውቅ ነበር። ሆኖም በ1867 ተመልሶ መጣ። ከዚያም ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ከነቤተሰቡ በንጉሡ እጅ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ነጻ ወጡ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማንም ሚስቱን ለንጉሥ መያዣ አይሰጥም። ነገር ግን መስክ የሚወጣ ሁሉ ከኋላው የሚተወው መያዣ አለው፤ እርሱም የትዳር ጓደኛው እምነትና የልጆቹ ተስፋ ነው።

አብረው የተጓዙት

አብሮ መሄድስ ይሻላልን? አቂላና ጵርስቅላ እንዲህ አድርገዋል (ሐዋ. 18)። ከሮም ወደ ቆሮንቶስ፣ ከቆሮንቶስ ወደ ኤፌሶን ሲሄዱ የድንኳን ሥራቸውን ይዘው ሄዱ። በአዲስ ኪዳን ስማቸው በተነሣበት ሁሉ ሁለቱ አብረው ተጠርተዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በደረሱበት ከተማ እንግዳ ሆነው ብቻ አልኖሩም፤ ጳውሎስን ተቀበሉ፣ አጵሎስን አስተማሩ፣ ቤታቸውንም ለቤተ ክርስቲያን ከፈቱ።

በመኪና ለሚኖሩት ባልና ሚስትም ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በየምሽቱ አብረው ናቸው፤ ተኮራርፈው የሚገቡበት ሌላ ክፍል እንኳ የላቸውም። ነገር ግን በ13 ሳምንት ውስጥ በስም የምታውቃቸው፣ ሲታመሙ የምትጠይቃቸው፣ ሲሳሳቱ የምትገሥጻቸው ጉባኤ ካላገኙ ሁለት ብቸኞች ይሆናሉ። ስለዚህ አብሮ መሄድ ብቻውን ቤትን አይጠብቅም፤ መለያየትም ብቻውን አያፈርሰውም።

ከመውጣታችሁ በፊት

አንደኛ፣ አብራችሁ ወስኑ። የሄደው ተጓዥ፣ የቀረው ላኪ ይሁን። ልጆቹን ይዞ የቀረውም የአገልግሎቱ ተካፋይ መሆኑን በቃል ንገሩት።

ሁለተኛ፣ አበሉን ግለጡት። ብዙ ኩርፊያ የሚጀምረው ካልተነገረ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፣ መጨረሻውን ቁረጡ። “እስኪሳካልን ድረስ” አትበሉ። ዝውውር የምትጠብቁ ከሆነ እስከ መቼ እንደምትጠብቁ፣ ካልተፈቀደም ምን እንደምታደርጉ ተነጋገሩ። ቀኑ ከተራዘመ የትዳር ጓደኛችሁ ከእናንተ አንደበት ቀድሞ ይስማ።

አራተኛ፣ ስትመለሱ በቤታችሁ እንግዳ አትሁኑ። የመጀመሪያውን ምሽት ለዘመድ ጥየቃና ለስልክ አትስጡት።

እናንተም ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች፣ መስክ የወጣን ሰው ቤት ሂዱና አንኳኩ። የታመመውን ልጅ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ አንድ ወንድም ከብዙ ምክር ይበልጣል።

መስክ የወጣችው ነርስ ቤቷ የት ነው? የመሄጃዋ ምክንያት በሚታወቅበትና የመመለሻዋ ቀን በሚጠበቅበት ነው። በጉና ዙሪያ የአንዲት እናት ዓይን ሲገለጥ፣ በደብረ ታቦር ልጅ ይዞ ያደረው ባል በዚያ ደስታ ድርሻ እንዳለው ይወቅ። ይህንንም ሚስቱ ትንገረው።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. በቅርቡ ሥራ ሲያራርቀን ውሳኔውን አብረን ወስነን ነበርን?
2. በመካከላችን ያልተነገረ ገንዘብ አለን?
3. አንዳችን ርቀን ስንሄድ ቤታችንን የሚጎበኝ ማን ነው? እኛስ የማንን ቤት እንጎበኛለን?