አምበሉና ስሙ

የጥንቱ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ደወሌን፣ አይሻን፣ አዲጋላንና ሽንሌን አልፎ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። ከጅጅጋ የሚነሣ መንገደኛም የካራማራን ተራራ ተሻግሮ በሐረር በኩል ወደዚያችው ከተማ ይወርዳል። ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ ዐማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡና ግሪኩ በአንድ ገበያ ይገናኙባት የነበረችው ድሬዳዋ ለአገራችን ካበረከተቻቸው ነገሮች አንዱ እግር ኳስ ነው። ሕዝቡ «ጥጥ ማኅበር» ወይም «ኮተን» የሚለው የፋብሪካው ቡድን ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በዚህ ቡድን ማልያ ስማቸውን ካስጠሩት ተጫዋቾች አንዱ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር።

ሉቺያኖ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ከኢጣሊያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። በ1932 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ ኢጣሊያዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳያስመዘግብ ከለከለ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የተወለደ ክልስ በአንዱ ወገን እንደ ባዕድ፣ በሌላው ወገን እንደ ጠላት ልጅ ይታይ ነበር። ለእንዲህ ያለው ልጅ ስም ተራ ነገር አይደለም፤ ሙግት ነው።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ የብሔራዊው ቡድን አምበል ይኸው ሉቺያኖ ነበር። ቡድናችን ቱኒዚያን አራት ለሁለት አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የገጠመው በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሬፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን ነው። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። ግርማ ተክሌ አንዱን መለሰ። ሁለተኛውን ሉቺያኖ ራሱ መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አግብቶ ጨዋታውን ሁለት ለሁለት አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ውጤቱ አራት ለሁለት ሆነ። አምበሉም ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ነገር ግን ያ ዋንጫ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር ይተረካል። ክልስ የሆነ ሰው አምበል ሆኖ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት መቆሙ አይገባም የሚሉ ሹማምንት ነበሩ፤ የሁለቱም ወንድማማቾች ስም በኢትዮጵያዊ ስም ይተካ የሚል ጥያቄም ቀርቦ ነበር ይባላል። የሹማምንቱን ስሜት መረዳት አያስቸግርም። ጠላት ከአገር ከወጣ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ስለ ነበረ የኢጣሊያ ስም ሲጠራ የሞተ ወንድሙን የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ሆኖም የሐዘን ስሜት የፍርድ ሚዛን ሊሆን አይችልም። ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በሐሳቡ አልተስማሙም፤ አምበሉም፣ ስሙም እንዳለ ጸና።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ። የፋሺስቱ ሕግ ልጁን የአባቱን ስም ሊነፍገው ወጣ። የእኛዎቹ ሹማምንት ደግሞ ያንኑ ስም ሊያስጥሉት ፈለጉ። ሐሳባቸው የተለያየ ቢሆንም ሁለቱም የሰውየውን ማንነት በመዝገብ ላይ በተጻፈው ቃል ለኩት። ሉቺያኖ ግን መልሱን የሰጠው በእግሩ ነው። ለባንዲራው ማን እንደ ደከመ የሚያስረዳው ስድስት ደቂቃ ሲቀር የገባችው ግብ እንጂ የመታወቂያ ወረቀት አይደለም።

ከዚያም በኋላ ለብሔራዊ ቡድን ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጊዜው ሁኔታ አስገድዶት አገሩን ለቅቆ ወደ ኢጣሊያ ሄደ፤ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሮማ ላይ ዐረፈ። ኢትዮጵያ ከዚያ ዋንጫ ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አላገኘችም፤ ያመጣላት አምበል ግን የእርጅና ዘመኑን የጨረሰው በሰው አገር ነው።

ወጣት ባለሥልጣኖችና ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ታሪክ ይልቁንም የሚመለከተው እናንተን ነው። ዛሬ በጅጅጋ፣ በሽንሌ ወይም በኤረር ሜዳ ኳስ የሚያባርረው ልጅ ስሙ አብዲ ወይም ፋራህ ይሆናል። ነገ ያ ልጅ ስሙን ሊያስመዘግብ ከአንዳችሁ ጠረጴዛ ፊት ይቆም ይሆናል። ስሙ ለጆሮአችሁ እንግዳ ቢመስላችሁ፣ አንድ ፊደል ሳትለውጡ እርሱ እንደ ነገራችሁ ጻፉት፤ ከዚያም ችሎታውን ብቻ መርምሩ። በአራት ፊደል ስሕተት ከዝርዝር የወጣ ተጫዋች ማንም ሳያየው ይቀራል፤ አገርም ምን እንደ ጎደላት አታውቅም። ጫማውን ለሰቀለው ደግሞ የሠራውን በመዝገብ ጽፋችሁ፣ በሕይወት ሳለ ፈልጋችሁ አክብሩት። ዋንጫ የሚያነሣው እጅ አንድ ነው፤ ያ እጅ እንዲነሣ ወይም እንዲወድቅ የሚያደርጉት ግን ብዙ ጊዜ ብዕር የያዙት ናቸው።