ግድግዳ የሚያነጣው ዱቄት ውሃ ሲያጠራ

ነጭ ቀለም የተቀባ በር ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ይፈዝዛል፤ ቢዳስሱት እጅ ላይ እንደ ጠመኔ ያለ ብናኝ ይተዋል። የቀለም አምራቾች የዚህን ጥፋት ምንጭ ካወቁት ቆይተዋል። ቀለሙን የሚያነጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ዱቄት፣ ብርሃን ሲያርፍበት በዙሪያው ያለውን ማጣበቂያ ይበላዋል። ስለዚህ ለውጭ ቀለም የሚውለውን ዱቄት እያንዳንዱን ቅንጣት በሲሊካ ወይም በአሉሚና ሸፍነው ጥርሱን ያወልቁለታል።

ውሃ ማጥራት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ግን የሚሹት ያንኑ ጥርስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ አኪራ ፉጂሺማ የተባለ ተማሪ፣ በመምህሩ በኬኒቺ ሆንዳ ሥር ሲሠራ፣ ውሃ ውስጥ በነከረው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ላይ ብርሃን ለቀቀ። አረፋ መውጣት ጀመረ፤ ብርሃኑ ውሃውን እየሰነጠቀው ነበር። ግኝታቸው በ1972 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። በ1977 ደግሞ ስቲቨን ፍራንክና አለን ባርድ የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች በዚሁ ዱቄት ውሃ ውስጥ ያለን ሳያናይድ አፈራረሱ።

አሠራሩ ንጥቂያ ነው። ብርሃን ቅንጣቷን ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣል። የለቀቀው ቦታ ባዶ መቆየት አይችልምና በአጠገቡ ካለው ውሃ ይነጥቃል። ከዚህ ንጥቂያ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል፦ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ብቻ የያዘ፣ ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ነገር ነው። የጨርቅ ማቅለሚያም ይሁን ፀረ ተባይ ወይም የመድኃኒት ቅሪት፣ ደጋግሞ እየነከሰ በመጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ያደርገዋል። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ነው። የከሰል ማጣሪያ መርዙን ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የሞላውን ከሰል የት እንጣለው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። እዚህ ግን መርዙ ራሱ ይፈርሳል፤ ዱቄቱም አያልቅም።

ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በቅንጣቱ ገጽ ላይ ስለሆነ ማድቀቅ ይጠቅማል። በቤተ ሙከራ የተለመደው ዱቄት የቅንጣቱ ስፋት 20 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ግራሙ ገጽ ቢዘረጋ 50 ካሬ ሜትር፣ የአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ወለል ያህል ይሆናል። ይኸው ደቃቅነት ግን ጣጣ አለው፤ ውሃው ከጠራ በኋላ ዱቄቱን መልሶ መልቀም ከባድ ነው። ለዚህም በመስታወት ወይም በሴራሚክ ላይ አጣብቀው ይሞክሩታል፤ ያኔ ደግሞ ውሃውን የሚነካው ገጽ ይቀንሳል። ደፍራሽ ውሃም ብርሃን አያሳልፍም። ሥራው በመሐል ከተቋረጠ ደግሞ በከፊል የተበላው ኬሚካል አንዳንዴ ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የውሃው ቀለም መጥፋቱን ብቻ አይቶ ጠራ ማለት አይገባም።

በደቡብ ስፔን፣ በአልሜሪያ በረሃማ ምድር ባለው የፀሐይ ኃይል ምርምር ጣቢያ፣ የተበከለ ውሃ በመስታወት ቱቦዎች ውስጥ እየተዘዋወረ ከቱቦዎቹ ሥር በተዘረጉ ጎባጣ አንጸባራቂዎች ፀሐይ ይለቀቅበታል። ፀሐዩ ሞልቷል፤ ዱቄቱ የሚቀበለው ግን በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ ነው፤ ይህም ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ነው። የቀረውን ለመጠቀም በ2001 የጃፓን ተመራማሪዎች ናይትሮጅን ጨመሩበት። አዲሱ ዱቄት ነጭ አይደለም፤ ሰማያዊውን ብርሃን መዋጥ ስለጀመረ ወደ ቢጫ ያደላል።